ለአክስት ኦፓል የተገባ ቃል

ሎስት ፎርክ፣ ኬንታኪ
ኤፕሪል 9 ቀን 2018

ለእህቴ ልጅ ለዋንዳ፣

ያለሽበት ቤት ሰላም አይራቀው፤ ማዕዱም አይጉደልበት። እኛ ከእኔ ጉልበትና ከአጎትሽ ከኤርሴል ሳል በቀር ደህና ነን። የኤርሴልን ሳል አሁን እንደ ሰዓት ነው የምጠቀምበት፤ ሊነጋጋ ሲል ይጀምራል፣ እኔም ተነስቼ ምድጃውን እለኩሳለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የዋጠውን አቧራ መልሶ ሊያወጣው የፈለገ ይመስላል።

ስልክ አታነሺም ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ስልክ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እኔ ደግሞ የቤቴን ጉዳይ ወንድም ሆባርት መስኮት ሥር ቆሜ አላወራም። ሰባኪ ቢሆንም ጆሮው የሰው ጆሮ ነው።

የጻፍኩልሽ ስለ መቃብር ቀን ነው። በሜይ መጨረሻ እሑድ እንደ ልማዳችን ኮረብታው ላይ እንወጣለን፤ መቃብሮቹን አበባ እናለብሳለን፣ እዚያው ምሳችንን እንበላለን። ዘንድሮ ግን ሣሩን የሚያጭድ ጠፋ። ወጣቶቹ ግማሾቹ ሥራ ፍለጋ ሄደዋል፣ ግማሾቹ ታስረዋል፣ የቀሩት ደግሞ እዚያው ኮረብታው ላይ ተኝተዋል። አምና ጠረጴዛዎቹን ሽቅብ የተሸከሙት ሽማግሌዎች ናቸው። ኤርሴል መንገዱ እኩሌታ ላይ ቁጭ አለና «እኔን እዚሁ ቅበሩኝና እናንተ ሄዳችሁ ብሉ» አለ። የእናትሽን የሞዲን ስም ሣሩ ሸፍኖታል። የእህቴን ስም ሣር ሲውጠው ማየት አልችልም።

ስለዚህ ልጅሽን ኮልተንን ላኪልኝ። አንቺ ባትችዪ እንኳ እሱ ይምጣ። ጉልበት አለው፣ የአያቱም መቃብር ነው። በሞዲ ቀብር ላይ ሳየው ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሏል። ሄሮይን መሆኑን ያኔውኑ አውቄአለሁ፤ አንቺ ግን ጉንፋን ነው አልሽኝ። አልተቀየምኩም። አሁንስ ወጣለት ወይ? እውነቱን ጻፊልኝ።

የማያንቀላፋው ጌታ ደጃፍሽ ላይ ይቁም።

አክስትሽ ኦፓል


ዴይተን፣ ኦሃዮ
ኤፕሪል 20 ቀን 2018

ለማከብርዎት አክስቴ ኦፓል፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ያበርታልዎት፤ ለአጎቴ ለኤርሴልም ደረቱን ያቅልልለት። ከጻፍኩልዎ ቆየሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልል ሥራው ድሮም ያው ነው፤ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ የልጆች ጩኸትና የተጠበሰ ድንች።

ጉንፋን ያልኩዎትን ይርሱልኝ። በእናቴ ሬሳ ሣጥን አጠገብ ቆሜ ሌላ ምን ልበል?

እውነቱን ጻፊ ስላሉኝ ልጻፍልዎ። ያላንኳኳነው በር የለም። ነገሩ የጀመረው መጋዘን ሲሠራ ትከሻው ተሰብሮ ሐኪም ባዘዘለት ክኒን እንደሆነ ያውቃሉ። ክኒኑ ሲከለከል መንገድ ላይ የሚሸጠውን ፈለገ። መጀመሪያ ማገገሚያ አስተኛነው። ወሩን ጨርሶ ሲወጣ ጉንጩ ቀልቶ፣ ኬክ ቆርሰውለት፣ ሁላችንም አልቅሰን ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ማንኪያዎቼ ከመሳቢያ መጥፋት ጀመሩ። ቀጥሎ እንጨት እየፈለጡ የሚጸልዩበት እርሻ ሄደ። እዚያ መድኃኒት የሚባል ነገር በበሩ አይገባም፤ ለራስ ምታት እንኳ። ጥሩ እንጨት ፈላጭ ሆኖ ተመለሰ። ግን ሰውነቱ የለመደውን ረስቶ ኖሮ፣ እንደ ድሮው መጠን ሲወስድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ አገኙት። በወር አንዴ የሚወጉትን መርፌም ሞከርን። አንዴ ተወጋ፣ ለሁለተኛው ሳይመለስ ቀረ።

አሁን አንድ ክሊኒክ አለ። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ይሄድና ነርሷ ፊት መድኃኒቱን ይጠጣል፤ ከዚያ አማካሪው ዘንድ ይቀመጣል። ይኸው የበረዶውን ወራት በሙሉ አንድም ቀን አልቀረም። ጎማ ቤት ሥራ ይዟል። ባለፈው እሑድ የጓሮውን አጥር ቀለም ሲቀባ በገዛ ጫማው ላይ ቀለም ደፋና ብቻውን ሳቀ። እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ ልጄ ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነበር።

የመድኃኒቱን ስም ብነግርዎ ምንም አያደርግልዎትም። ስለ መቃብር ቀን ግን ቃል አልገባም። በየጠዋቱ ክሊኒኩ መገኘት ስላለበት ከከተማ መራቅ አይችልም። ለእናቴ መቃብር አበባ እልካለሁ።

በሚጸልዩበት ሁሉ ስሙን አይርሱት።

የእህትዎ ልጅ ዋንዳ


ሎስት ፎርክ፣ ኬንታኪ
ኤፕሪል 30 ቀን 2018

ለዋንዳ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ዝናቡ አልቆም ብሎ ወንዙ የድንች ማሳችንን ጫፍ ልሶታል፤ ከዚያ በቀር ቤቱ ደህና ነው።

የመድኃኒቱን ስም ብነግርዎ ምንም አያደርግልዎትም አልሽኝ። እኔ ኦፓል እኮ ነኝ፣ ዶሮ አይደለሁም። ኤርሴልን ጠየቅሁት፤ «ሜታዶን ነዋ» አለኝ አንዴም ሳያስል። ከሄሮይኑ ዘር መሆኑን፣ በልክ እየተሰጠ አምሮቱን እንደሚያስታግስ ሲያስረዳኝ እጄ ላይ ያለውን ሳህን አስቀመጥኩ። ታዲያ ይሄ ሰካራሙን ውስኪ አስጥሎ ቢራ ማጠጣት አይደለም ወይ? ዛሬ ጠጣ፣ ነገ ጠጣ፣ መቼ ነው የሚያበቃው? ሐኪሞቹስ ቢያበቃ ይወዳሉ?

ኤርሴል «ልጁ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ዝም በል አልኩት። ጉድጓድ ውስጥ የኖረ ሰው ትንሽ ብርሃን ካየ ይበቃዋል።

እዚህም አለ እኮ። የወንድም ሆባርት የልጅ ልጅ ሼልቢ ታስታውሻት እንደሆን፣ ያቺ ፀጉረ ቀይዋ፣ ከአጥራችን ማዶ ነው የምትኖረው። እሷም ለዚያው ሱስ ምላሷ ሥር የምታስቀምጠው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ መድኃኒት አላት። ሕፃን ልጅ ይዛ በየሳምንቱ ትመጣና ቦሎቄ አብረን እንለቅማለን። ጨዋ ልጅ ናት፤ ግን ያንን ነገር ከቦርሳዋ ስታወጣ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ጌታ ሲያወጣ ግማሽ መንገድ ላይ አያቆምም።

አበባሽን አልፈልግም፤ አበባ ሞልቶናል። ልጁን ላኪልኝ። አሁን የምፈልገው ለሣሩ ብቻ አይደለም፤ ቆሞ በዓይኔ ልየው። ስንት መቃብር ቀን እንደቀረኝ አላውቅም፤ ይቺን እንኳ አትከልክዪኝ።

በክንፉ ጥላ ያኑርሽ።

ኦፓል


ዴይተን፣ ኦሃዮ
ሜይ 14 ቀን 2018

ለአክስቴ ኦፓል፣

ወንዙ ወደ ቦታው ይመለስልዎት፤ ድንቹም ይትረፍልዎት።

ደብዳቤዎን ኮልተን ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ አነበበው። ደብቄው ነበር ብል ውሸት ነው፤ እንዲያየው ፈልጌ ነው መሰል። አጥፎ ወደ ፖስታው መለሰውና «እሄዳለሁ እማዬ» አለ። «አያቴ ስትቀበር እዚያ ነበርኩ አይደል? እኔ ግን ምንም አላስታውስም። መቃብሯ የት ጋ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።» ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ልከልክለው?

ክሊኒኩ ከሥራውም ከምርመራውም አይቶ አምኖታል። አርብ ጠዋት እዚያው ይጠጣና ይነሳል፤ እስከ ማክሰኞ የሚሆነውን በትናንሽ ጠርሙስ፣ በሚቆለፍ ሣጥን ይዞ ይመጣል። በየጠዋቱ አንድ ጠርሙስ ይጠጣል፤ ሌላ ምንም የለውም።

አክስቴ፣ አደራ የምለው ይህንን ነው። ሣጥኑን ማንም አይንካው። ለሌላ ሰው አንዷ ጠርሙስ ገዳይ ናት። ለእሱ ደግሞ መቅረቷ ገዳይ ነው። ሲቀርበት ሰውነቱ ያንን ነገር መጥራት ይጀምራል፤ አሁን መንገድ ላይ የሚሸጠው ደግሞ ድሮ የምናውቀው ሄሮይን አይደለም፤ ፌንታኒል የሚባል ከእሱ እጅግ የበረታ ነገር ይቀላቅሉበታል፣ አንዴ ተሳስቶ የወሰደ አይነሳም። ቢራና ውስኪ ያሉትን ሰምቻለሁ። ልከራከርዎ አልፈልግም። ልጄ ቆሟል፤ በምን እንደቆመ አይጠይቁብኝ።

እኔ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ መምጣት አልችልም። ወንድም ሆባርትን ደግሞ ከእሱ ጋር ብቻውን አይተዉብኝ፤ ሲጀምር እንደማያባራ ያውቃሉ።

መንገዱን የሚያሳምር ጌታ አድርሶ ይመልስልኝ።

ዋንዳ


ሎስት ፎርክ፣ ኬንታኪ
ሜይ 28 ቀን 2018

ለተወደድሽው ለዋንዳ፣

ደስ ይበልሽ፤ እናትሽ በሰማይ እንደምትደሰተው ደስ ይበልሽ!

ልጅሽ አርብ መጣ። አላወቅሁትም፤ ትከሻው ሞልቶ፣ ፂሙን ተላጭቶ። ቅዳሜን ሙሉ ኮረብታውን ሲያጭድ ዋለ። የሞዲን ድንጋይ በብሩሽ አጠበው። እሑድ ጠረጴዛዎቹን ከሼልቢ ጋር ሆኖ ተሸከመ፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው እንደ ጌቶች ከኋላ ወጡ። የዶሮ ጥብሱን፣ ቦሎቄውን፣ የበቆሎ ዳቦውን በላ። «አክስት ኦፓል፣ ከዚህ በላይ ካበሉኝ እኔም እዚሁ እቀበራለሁ» ብሎ አሳቀን።

ከመዝሙሩ በኋላ ወንድም ሆባርት «ምስክርነት ያለው» ሲል ማንም ሳይገፋው ተነሳ። «የሞዲ የልጅ ልጅ ነኝ» አለ። «አያቴ ስትቀበር እዚህ ቆሜ ነበር ይሉኛል። አላስታውስም። ዛሬ ግን አያታለሁ።» ያላለቀሰ ሰው አልነበረም።

እኔም መንፈስ አስነሳኝና ሄጄ እጁን ያዝኩት። አደራሽን አልረሳሁም ዋንዳ፤ ግን ከአደራ የሚበልጥ ጊዜ አለ። «ልጄ፣ ያ ሣጥን ውስጥ ያለው ምንድነው?» አልኩት። «መድኃኒት ነው አክስት ኦፓል» አለ። «እንግዲያው ለምን ይቆለፋል?» አልኩት። ዓይኑን ወደ ሞዲ ድንጋይ መለሰ። ሰዉ ሁሉ በቀስታ መዝሙሩን ጀመረ። ኮልተን ወደ ቤት ወርዶ ሣጥኑን ይዞ ተመለሰና የቀሩትን ጠርሙሶች ሞዲ መቃብር አጠገብ ሣሩ ላይ ደፋቸው። መጽሐፍ ቅዱሴን ዘረጋሁለት፤ እጁን አስቀምጦ «ለአንቺ ምዬልሻለሁ፤ ሁለተኛ ወደዚያ የክሊኒክ ሰልፍ አልመለስም» አለ። አንቺ ብሎ ሲጠራኝ እንደ ሕፃንነቱ ሆነብኝ።

ይህ አልበቃም። ሼልቢ ከኋላ እያለቀሰች መጣችና የእሷንም ከቦርሳዋ አውጥታ ቀዳደደችው። በአንድ ቀን ሁለት! ወንድም ሆባርት የልጅ ልጁን አቅፎ መስበክ አቃተው። ኤርሴል ብቻ ነው ያልዘመረ፤ ወርዶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ምን ሆንክ ብለው «የልጁን ነገር ተዪለት ብዬሽ ነበር» አለኝ። ሽማግሌ ሲያኮርፍ እንደ ሕፃን ነው፤ ይለፍለታል።

ዛሬ ጠዋት ኮልተንን ትንሽ አልቦታል፣ አፍንጫውም ይፈሳል። የሣሩ ብናኝ ነው። ሻይ አፍልቼለት ተኝቷል። ነገ ይነሳል።

ሥራውን የጀመረ ይፈጽመዋል።

ደስተኛዋ አክስትሽ ኦፓል


ዴይተን፣ ኦሃዮ
ጁን 4 ቀን 2018

አክስቴ፣

ሰላምታው ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።

ኮልተን ማክሰኞ ማታ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ምን ሆንክ ስለው «ጉንፋን ነው» አለኝ። ሐሙስ ደብዳቤዎ ደረሰ። ፖስታ ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩትና ወደ ቤት ሮጥኩ። አልጋው ላይ አልነበረም።

አርብ ከሰዓት በኋላ አንድ የገበያ አዳራሽ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወድቆ አገኙት። የጽዳት ሠራተኛዋ በአፍንጫ የሚነፋውን፣ እስትንፋስ የሚመልሰውን ማንቂያ ኪሷ ውስጥ ይዛ ነበር፤ እዚህ ብዙ ሰው ይዞ ይዞራል። ሁለት ጊዜ ነፋችበት። በሁለተኛው ተነፈሰ።

አሁን እዚሁ ነው። ክሊኒኩ አልዘጋበትም፤ ደውዬ ነበር፣ ነርሷ «ዛሬውኑ ይምጣ፣ ከትንሹ መጠን እንጀምርለታለን» አለችኝ። የማይሄደው እሱ ነው።

«ለአክስት ኦፓል ምያለሁ» ይለኛል።

«ባለፈው አርብ የወሰድከውስ?» አልኩት።

«እሱ ውድቀት ነው እማዬ። የወደቀ ይነሳል። ተመልሼ ከተሰለፍኩ ግን በአያቴ መቃብር ላይ የማልኩትን ማፍረሴ ነው። ያ ይቅር አይባልም።»

እኔም ያደግሁት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነውና የሚለው ገባኝ። የሚያቃጥለኝም መግባቱ ነው። ሐኪም አንድ ሺህ ጊዜ ቢነግረው አይሰማም፤ እናቱ ብለምነው አይሰማም። እርስዎን ግን ይሰማል።

ስለዚህ አልሰድብዎትም፤ ልሰድብዎት የተዘጋጀሁትን ሁሉ ዋጥ አድርጌዋለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። መሐላውን የተቀበሉት እርስዎ ነዎት፤ መመለስ የሚችሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት። ይጻፉለት። «ተመለስ፣ ጠጣ» ይበሉት። አንዲት መስመር ትበቃለች። ያመኑበትን ይመኑ፤ ለእሱ ግን ይጻፉለት።

ዋንዳ


ዴይተን፣ ኦሃዮ
ጁን 15 ቀን 2018

አክስቴ፣

መልስ አልመጣም። ደብዳቤው ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ድጋሚ እጽፋለሁ። እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው ስልክ ላይም ደውዬ ነበር፤ ያነሳው ሰው «ዛሬ ለስልክ የሚመቸው ሰው የለም» ብሎ ዘጋብኝ።

ኮልተን ከጎማ ቤቱ ተባሯል። ይወጣል፣ ይገባል። ሲገባ አልጋው ሥር ተንበርክኮ ይጸልያል፤ ሲወጣ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ማንቂያውን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ይዤ ነው የምውለው። መታጠቢያ ቤት ሲገባ በሩ ሥር ቆሜ ውሃው ሲፈስ አዳምጣለሁ፤ ዝም ካለ አንኳኳለሁ። «እማዬ፣ ጥርሴን እየፋቅሁ ነው» ይለኛል። እናትና ልጅ እንዲህ ሆነናል።

ከፈለጉ ይጥሉኝ፣ እምነት የላትም ይበሉኝ። ግን ይጻፉለት።

ዋንዳ


ሎስት ፎርክ፣ ኬንታኪ
ጁን 20 ቀን 2018

ለእህቴ ልጅ ለዋንዳ፣

ሰላም ልልሽ ብዕሬን አነሳሁና ሰላም የሚለው ቃል አፌ ላይ ከበደኝ። አንቺ ያለሽበትን ቤት እሱ ያስበው።

የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። አልጠፋም። አነበብኩትና «ዋንዳ ከተማ ኖራ እምነቷ ሳስቷል፤ ዲያብሎስ ልጁን መልሶ ሊወስድ ሲታገል እሷ ታግዘዋለች» አልኩ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ኤርሴል አውጥቶ አነበበው። «ይሄን ወስደሽ ለሼልቢ አሳያት» አለኝ። እኔም «ያቺን ልጅ አታሸብርብኝ፣ በድል ላይ ናት» አልኩት።

እውነትም በድል ላይ ትመስል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሰዉ እየተነሳ ያቅፋት ነበር። ከስታለች፣ አትተኛም፣ እጇ ቦሎቄውን አልይዝ ይላል፤ እኛ ግን ፈተና ነው እያልን አበረታናት። እኔ ራሴ «በርቺ፣ ኮልተንም እየቻለ ነው» አልኳት። ደብዳቤሽ መሳቢያዬ ውስጥ ሆኖ ነው እንዲህ ያልኳት፣ ዋንዳ።

ሐሙስ ቀበርናት። ከዚያ ቀደም ባለው ማክሰኞ ልጇን ጓሮ እያጫወተች «መጣሁ» ብላው ገባች። ሕፃኑ ሲርበው አጥሩን ተሻግሮ እኔ ጋ መጣ። «እማማ ተኝታለች፣ አትነሳም» አለኝ። ጉልበቴን ረስቼ ተሻገርኩ፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ አገኘኋት። ወንድም ሆባርት የገዛ ልጅ ልጁን ለመቅበር ቆመና መጽሐፉን መክፈት አቃተው፤ ኤርሴል ነው በዚያ በሚያስለው ደረቱ ያነበበው። ከዚያ ወዲህ ኤርሴል አያናግረኝም። ቡናውን ራሱ ያፈላል።

ያቺ ልጅ ከእኛ አጥር ማዶ ነበረች። ደብዳቤሽን ይዤ መሻገር ነበረብኝ፤ እንኳን ሌላ ሰው ጉልበቴም አልከለከለኝ። በሐኪም ላይ፣ በከተማው ላይ፣ በአንቺ ላይ ላመካኝ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። እኔ ነኝ።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ለመጠየቅም ገና ነው። ለኮልተን የጻፍኩትን ለብቻ ገጽ አድርጌልሻለሁ፤ የሼልቢን ነገር እዚያ ውስጥ አላነሳሁም። ንገሪው ወይም አትንገሪው፤ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ከእንግዲህ ለማንም አልወስንም።

ኦፓል

ኮልተን ልጄ፣

መቃብር ቀን የማልክልኝ ለእኔ ነው። የተቀበልኩት እኔ ስለሆንኩ እኔው መልሼልሃለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ላይ ምንም መሐላ የለም። ወደ ሰልፍህ ተመለስ። ነርሷ የምትሰጥህን ጠጣ፤ ዕድሜ ልክህን ቢሆን ጠጣ። አምላክ ከጠየቀህ «ኦፓል ናት ያዘዘችኝ» በለው፤ አድራሻዬን ያውቀዋል። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይጻፍ። አያትህ ብትኖር በጥፊ የምትለው እኔን ነበር እንጂ አንተን አይደለም።

ያን ቀን ስለ ሣጥኑ ስጠይቅህ «መድኃኒት ነው» ብለኸኝ ነበር። ልክ ነበርክ። አሮጊት አክስትህ ናት ያልሰማችህ።

ሳትውል ሳታድር ሂድ።

ኦፓል


ዴይተን፣ ኦሃዮ
ጁላይ 2 ቀን 2018

ለአክስቴ ኦፓል፣

የሚያጽናና ጌታ ከእርስዎም ከአጎቴም ጋር ይሁን። ለሕፃኑም አባት ይሁነው።

ደብዳቤዎ ሲደርስ የእሱን ገጽ ብቻ ለይቼ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። «አድራሻዬን ያውቀዋል» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቅ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በማግስቱ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ጠበቀኝ፤ አብሬው ተሰለፍኩ። ከታች ካለው መጠን ጀምረውለታል። ወደ ቤት የሚወሰድ ጠርሙስ አሁን የለም፤ በየቀኑ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ሳይሄድ ቀርቷል። ድኗል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ግን ትናንትም ዛሬም ሄዷል።

ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር፤ እጄ አልታዘዘልኝም። የሼልቢን ሳነብ ግን ለእርስዎም አልቅሻለሁ። ይህም እውነት ነው።

ሌላኛውን ገጽ ኮልተን አላየውም። የሼልቢን ሞት አሁን ቢሰማ በእግሩ የሚቆም አይመስለኝም። መቼ እንደምነግረው አላውቅም፤ ከሰው አፍ ሳይሰማ ብዬ ደግሞ እሠጋለሁ። ለዚህ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ይህንን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሾርባ ይበላል። «ለአክስት ኦፓል ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ከታች የእኔን ጨምሪልኝ» አለ። እሱ እንዳለው ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፦

«አክስት ኦፓል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተመልሻለሁ። በሚመጣው ዓመት መጥቼ ኮረብታውን አጭዳለሁ። ሼልቢን ሰላም ይበሉልኝ። ያን ቀን የእሷን የቀደደችው እኔን አይታ ከሆነ ከፍቶኛል። እኔ እንዳልቻልኩ ይንገሯት። አፍራ እንዳትቀር፤ እሷም ወደ መድኃኒቷ ትመለስ። ለልጇ ትንሽ ቀይ መኪና ገዝቼለታለሁ፤ ስመጣ አመጣለታለሁ።»

«ጻፍሽው?» አለኝ።

«ጻፍኩት» አልኩት።

ዋንዳ